ዋሻ ውስጥ የደረደርሁት ውሃ

ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ከእንግዲህም የማይ አይመስለኝም። ነገር ግን ሥራዬ ባሕር ማጽዳት የነበረበት ጊዜ አለ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ላስታ ተራራ ላይ ቁጭ ብላ «ባሕር አጸዳሁ» የምትል ሴት ብሰማ እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። የማያስቀው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ጊዜው ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት የነበረበት ነው። ማዳበሪያው አንድ ለአምስት፣ ስብሰባው አንድ ለአምስት፣ እርከኑ አንድ ለአምስት። እኔ የአምስት ሴቶች አንድ ነበርሁ፤ ምላሴ ስለማያርፍ ይሆናል የመረጡኝ። ሥራችን ጋቢዮን ነበር፤ ሽቦ ጠልፈን እንደ ሣጥን እንሠራና ድንጋይ ሞልተን ቦረቦር እንዘጋለን። ጣቶቼ እስከ ዛሬ ጠባሳ ናቸው። ከላሊበላ በታች ወደ ተከዜ የሚወርደውን ወንዛችንን ደግሞ እንደ ጓዳዬ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ድንጋይ ጎርፍ እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚከዳ።

አንድ ሚያዝያ ላይ ቀበሌው ኢንጂነር ይዞ መጣ። ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው ቀጭን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ውጭ አገር፣ ባሕር ዳር ካለ ከተማ ተምሮ መጣ አሉን። ሰብስቦን፣ «ገና ካለፈ በኋላ ሜዳውን የሞላው ፌስታልና ሃይላንድ የት የሚሄድ ይመስላችኋል?» አለ። ሃይላንድ የምንለው የውሃውን ላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ የማንም ይሁን የማን እኛ ዘንድ ስሙ አንድ ነው።

«ነፋስ ይወስደዋል» አልሁት።

«ነፋሱስ የት ያደርሰዋል?»

«እሱን ነፋሱን ጠይቀው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ በዚያው ተግባባን።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየን። የኛ ወንዝ ተከዜ ይገባል፣ ተከዜ ሱዳን ወርዶ አትባራ ይባላል፣ አትባራ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ዓባይ ደግሞ ባሕር ይገባል። ባሕሩንም አሳየን። እኔ ሰማያዊ ነገር ስጠብቅ የቅዳሜ ገበያ ሲበተን የሚቀረውን የመሰለ ነገር ውሃ ላይ ተኝቷል። ሁለት መርከቦች መካከላቸው ረጅም ተንሳፋፊ ነገር ይጎትታሉ፤ ከሥሩ መረብ ተንጠልጥሏል፤ ላስቲኩን እየገፋ ይሰበስባል። «ባሕር ከገባ በኋላ ማውጣት እንዲህ መከራ ነው» አለን። «ስለዚህ እዚሁ ከራስጌው እንያዘው።» እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ከዚያ በፊት ባሳየን አንድ ዓሣ ላይ ነበር። ሆዱ ተቀዶ ውስጡ የሃይላንድ ክዳን ሞልቶታል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ከነዚያ አንዷን እኔ ጥያት እንደሆነስ? ያን ቀን ምሳ አልበላልህ አለኝ።

የሠራነው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ አያያዝን፤ ከሥራቸው ሽቦና መረብ አንጠለጠልን፤ ሁለቱን ጫፍ ከሁለቱ ዳር ቋጥኞች ጋር አሰርን። ቀጥ አድርገን አልነበረም፤ ሰያፍ ነው። «ጎርፍን ፊት ለፊት የሚገጥም ይሰበራል፤ ወደ ዳር ሸርተት የሚያደርገው ግን ያዝዘዋል» ይል ነበር ኢንጂነሩ። ላስቲኩ ጀሪካኑን ተከትሎ ወደ ዳር ይንሸራተትና እኔ የጠለፍሁት ትልቅ የሽቦ ቀፎ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው መንገዱን ይሄዳል። መሣሪያው ረጅም የፈረንጅ ስም ነበረው። እኛ «መቀነት» አልነው፤ የወንዙን ወገብ ታጥቆ ስለሚያድር።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ መቀነቱ ተወጠረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቻለው። ቀፎው በአንድ ቀን ሞላ። ኢንጂነሩ ጭቃ ውስጥ ሲዘል ሳየው እኔም እልል አልሁ፤ ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ! ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የዘይት ጀሪካን፤ ለይተን፣ አድርቀን፣ በማዳበሪያ ከረጢት እንጠቀጥቅና መኪና ሲመጣ እንጭናለን።

መቀነቱ ማልቀስ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ቀፎው ውስጥ አፋቸውን ከፍተው በተጠራቀሙት ባዶ ሃይላንዶች ነፋስ ሲገባ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ግማሹ ቀጭን፣ ግማሹ ወፍራም። ምክንያቱን አውቃለሁ። ኢንጂነሩ አንዱን አንስቶ አፉ ላይ እፍ እያለ አሳይቶናል። ማወቅ ግን ምን ይጠቅማል? ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው በሌለበት ገደል ሥር፣ ከወንዙ ብዙ ሆኖ «ኡኡ» ሲል የሰው ፀጉር ይቆማል። ከሴቶቹ አንዷ «እኔስ ጎርፍ የበላቸው ሰዎች ይመስሉኛል» ብላ ሥራውን ልትተው ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ሥሪ!» አልኋት። እኔም ፈርቼ ነበር።

እህቴን ላስተዋውቃችሁ። ከኔ በስምንት ዓመት ታንሳለች፤ እናታችን የሞተችው እጄን ይዛ «እሷን አደራ» ብላ ነው። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ ስለነበር ያን ክረምት እኔ ዘንድ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም በሰባት ወራቸው ሆዷ ውስጥ ጸጥ አሉባት። አሁን ሦስተኛውን ይዛለች። ስለ ሆዷ አናወራም ነበር። ቤት ውስጥ ብናወራ የሚሰማን ነገር ያለ ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ ቀፎው ውስጥ ጡጦ አየሁ፤ የሕፃን ጡጦ፣ ጎማው እንኳ ያልወለቀ። በስመ አብ ብዬ አንስቼ ቀሚሴ ውስጥ ሸሸግሁት። ቀና ስል እህቴ ቀሚሴን እያየች ነበር። ምሳውን አስቀምጣ ተመለሰች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከሚመጣው ሃይላንድ ሁሉ ባዶ ያልሆነ ነበረበት። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ውስጡ ውሃ ያለው፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ግማሽ። ኢንጂነሩ «አፍስሱትና ከባዶው ጋር ጠቅጥቁት» አለን። ማናችንም ክዳን አልነካንም።

«ምን ሆናችሁ? ውሃ እኮ ነው» አለ።

«ጠበል ቢሆንስ?» አልሁት።

ልክ ነኛ! እዚህ አገር የሚመጣ ምእመን ሁሉ ሲመለስ በሃይላንድ ጠበል ይዞ ነው። ከአህያ ይወድቃል፣ ከቦርሳ ይንሸራተታል፣ ተኝተው ይረሱታል። ጠበል ደግሞ ሰው በሚረግጠው መሬት አይደፋም፤ ይህን ጡት የሚጠባ ልጅም ያውቀዋል።

«ታዲያ ጠበሉ ከተራው ውሃ በምን ይለያል?»

«አይለይም። ችግሩ እሱ አይደል እንዴ!»

ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያው አንቺ መላ ፈልጊ» አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ መላ ፈለግሁ። ከወንዙ ከፍ ብሎ ሰው የማይረግጠው፣ ፍየል የማይወጣው ዋሻ አለ። ውሃ ያለበትን ሃይላንድ ሁሉ እያጠብሁ ወደዚያ አወጣሁ፤ ደረደርሁ። ጠበል ቢሆን ብዬም እያንዳንዱን ሳስቀምጥ ተሳለምሁት። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ በሁለት እጄ ይዤ። በዚህ መላዬ እንዴት እኮራ እንደነበር ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ቆመ፤ ኢንጂነሩም ሪፖርቱን ሊጽፍ አዲስ አበባ ሄደ። ዋሻው ሞልቶ ነበር፤ ከግድግዳው እስከ አፉ ረድፍ በረድፍ። ያኔ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ዋሻው ወደ ምዕራብ ይከፈታል። ክረምቱን ደመና ነበር፤ መስከረም ላይ ግን የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ገብታ ሃይላንዶቹን ስትነካቸው ጣሪያው ሁሉ በውሃ ብርሃን ይርገፈገፋል፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ላስቲኩም ሲሞቅ ይነፋና «ጠቅ» ይላል። አንዱ ጠቅ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ከጥግ ያለው፤ አንዱ አንዱን እንደሚጠራ። ፀሐይዋ ስትሸሽ ደግሞ እየተኮማተሩ ይደግሙታል። አንዳንድ ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ አንዱን ሳስተካክል የሆነ ሰው በዝግታ ሲራመድ ይመስለኝና ዞር እላለሁ። ማንም የለም። ከሥራቸው አረንጓዴ ነገር የበቀለባቸውም ነበሩ፤ ፀጉር የመሰለ።

ከዚያ ውሃው መጉደል ጀመረ። ክዳኑ እንደተጠበቀ ነው፤ ውሃው ግን ዝቅ ይላል። ዓይኔ ነው ብዬ በአንዱ ላይ በከሰል መሥመር አሰመርሁ። በማግሥቱ ሄድሁ፤ ውሃው ከመሥመሩ ሁለት ጣት ወርዷል። ክዳኑን ሞከርሁት፤ ጥብቅ ነው። ያን ቀን ወደ ቤት የወረድሁት በሩጫ ነበር፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ!

ለእህቴ አልነገርኋትም። ሰባተኛ ወሯን ልትይዝ ነበር፤ ደግሞም ያን ሰሞን ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ስታስነጥስ እንኳ ሆዷን የምትይዝ ልጅ ማንጎራጎር ጀምራ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ወደ ዋሻው ወጣሁ። ከመድረሴ በፊት ቆምሁ። በዋሻው አፍ ጫማ ተደርድሯል። የላስቲክ ጫማ፣ ሸበጥ፣ የጎማ ጫማ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንደሚወልቀው፣ ሁሉም ጥንድ ጥንዱን ይዞ። «አውልቁ» ብሎ የነገራቸው ማን ነው? ድምፅ የለም። ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ ይሰማል። ከጫማዎቹ መካከል የግራው ማሰሪያው በጋቢዮን ሽቦ የተሰፋ አንድ ጫማ አየሁ። የሰፋሁት እኔ ነኝ። የእህቴ ጫማ ነው።

ገባሁ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በርከክ ብለዋል፤ ጧፍ በርቷል። ከማዶው ተራራ ብርሃኑን ያዩ ሰዎች ናቸው የጀመሩት፤ ወሬው ኩልመስክ ደርሷል፣ ከሙጃ ድረስ የመጡም ነበሩ። ዋሻውን እንደ ቤታቸው የያዙ መቁጠሪያ የሚቆጥሩ አንዲት እማማ፣ ሃይላንድ እያነሡ ለየሰው ያጠጣሉ፤ ክዳኑን መልሰው ያጠብቃሉ፤ ተሳልመው ያስቀምጣሉ። እህቴ አንገቱ ላይ ነጭ ክር የታሰረበት ሃይላንድ ይዛ ትጠጣለች። አየችኝ። አልደነገጠችም፤ ፈገግ አለች።

እጇን ይዤ አወጣኋት። «እታለም፣ አትቆጪኝ» አለችኝ። «ሁለቱም በዚህ በሰባተኛው ወር ነበር ጸጥ ያሉት። ይኼኛውም ጸጥ ሊል ሲል መጥቼ ጠጣሁ። ወዲያው ተንቀሳቀሰ። በጠጣሁ ቁጥር ይንቀሳቀሳል፤ እንኪ፣ እጅሽን አምጪ።» እጄን ሆዷ ላይ አደረገችው። እውነቷን ነው፤ ተንቀሳቀሰ።

አፈር ልሁን፣ ምን ልበላት? ያ ውሃ ከጎርፍ የለቀምሁት ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም። ዝም አልሁ።

በማግሥቱ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድሁ፤ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ዓይናቸው ደከም ያለ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። ጠበል ያልሆነውን ጠበል ነው ብለው ሲጠጡ እያየ ዝም ያለ ሰው ኃጢአት አለበት?»

«አለበት እንጂ።»

«ጠበል የሆነውን አይደለም ያለስ?»

«እሱማ የባሰ።»

«ታዲያ የማይለይ ሲሆንስ?»

ሁሉን ነገርኋቸው። መስቀላቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። «ልጄ፣ እኔ የባረክሁትን አውቃለሁ። ሌላው የባረከውን በምን አውቃለሁ? አፍስሺ አልልሽም፤ አታፍስሺም አልልሽም» አሉ። ወይ ዕዳ! ልጣላቸው አልችል፣ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ማንም በሌለበት ሰዓት፣ ዋሻው ገብቼ ሃይላንዶቹን እየከፈትሁ ማሽተት ጀመርሁ። የረጋ ውሃ። የረጋ ውሃ። ናፍታ። የረጋ ውሃ። ከፊት ካለው ረድፍ፣ እማማ ከሚያጠጡበት አጠገብ፣ አንዱን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ወጋው። ስንዴ ላይ የሚረጩት የአረም መድኃኒት ነው፤ ባላገር ከሱቅ የሚቀዳው በሃይላንድ አይደል? ቀና አድርጌ አየሁት። ጎደል ብሏል። ጎርፍ ያጎደለው ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ እንጃ። ክዳኑን መልሼ አጠበቅሁና እዚያው ቁጭ አልሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። ከኋላዬ ጠቅ፣ ጠቅ ማለታቸውን ቀጠሉ።

ዓርብ ሰዉ ሲሰበሰብ መሐል ቆምሁ። «ስሙኝ! ይህ ጠበል አይደለም። እኔ ነኝ ከጎርፉ ለቅሜ የደረደርሁት!» ብዬ ጮኽሁ።

«እናውቃለን» አሉ እማማ።

ይህን አልጠበቅሁም።

«አንቺ እንዳመጣሽው እናውቃለን። እግዚአብሔር በአንቺ እጅ ሰበሰበው። ስታስቀምጪ እየተሳለምሽ እንደነበር ከማዶ ያዩ አሉ። ለመሆኑ፣ ቆሻሻ የሚሳለም ማን አለ?»

መድኃኒቱን አንስቼ «እንግዲያው ይህን ያሽቱት!» አልኋቸው። አሸተቱ፤ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ለጎናቸው አቀበሉ። ሰዉ አጉረመረመ። «አንድ ክፉ ገብቶበት ይሆናል» አሉ እማማ ረጋ ብለው። «ከአሥራ ሁለቱም መካከል አንድ ነበር። ለአንዱ ብለን አሥራ አንዱን እንጣል?» ከዚያ ጎንበስ ብለው ነጭ ክር የታሰረበትን፣ የእህቴን፣ አነሡ። ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። «ሁሉም ቆሻሻ ነው ካልሽ፣ ይኸችውና እህትሽ የምትጠጣት። አፍስሻትና ርገጫት። ያኔ እናምንሻለን።»

ተቀበልኋቸው። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትሁ። ምንም ሽታ የለውም። ያኔ ነው እግሬን ያየሁት። ባዶ እግሬን ነኝ። ልገስጻቸው፣ ልበትናቸው የመጣሁት ሴትዮ ደጁ ላይ ጫማዬን አውልቄ ገብቻለሁ፤ መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም።

«እታለም፣ ተይ» አለች እህቴ። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ስለ እናታችን ተይ።»

ስለ እናታችን ነው ያደረግሁት። ያ ሃይላንድ ጠበል ይሆናል፤ አጠገቡ ያለው መርዝ ነው፤ ከሱም አጠገብ ሌላ ይኖራል። አፈሰስሁት። ውሃው ድንጋዩ ላይ ተንጣለለ። ቀኝ እግሬን አሳረፍሁበት፣ ከዚያ ግራዬን። ሞቅ ያለ ነበር፤ ሰው ከእጁ አሁን እንዳስቀመጠው።

ያኔ ፀሐይዋ የዋሻውን አፍ ነካችና ከጥግ እስከ ጥግ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመሩ። እንደዚያ ቀን ሲንጫጩ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ፤ ከዚያ ሌላው። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሄዱት። እማማ መጨረሻ ላይ ቀሩ። «ትጠየቂበታለሽ» አሉኝ። «እጠየቃለሁ» አልሁ።

እህቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ መደቡ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ፣ «ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም» አለች።

ጎረቤት ጠርቼ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ፣ ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። በመንገዱ ሁሉ ጸሎት አልመጣልኝም። ማንን ብዬ ልለምን? አዋላጇ ነርስ ጡሩንባ የመሰለ ነገር ሆዷ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደገፈች። ቦታ ቀየረች። ደግሞ ቀየረች። የነርሷን ፊት ሳይ ሳይ ዓይኔ ፈዘዘ። ከዚያ እጄን ይዛ ጎንበስ አደረገችኝና ጆሮዬን እዚያው ላይ አስደገፈችኝ። የልቡ ምት ሩቅ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አለ። እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እህቴ ግን አላለቀሰችም፤ እኔንም አላየችኝም። ሳምንት አስተኝተው ሲያስወጧት ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ባሏ እናት ቤት ሄደች።

የቀረውን ውሃ ያፈሰሱት የንስሐ አባቴ ናቸው። ሳልጠራቸው በበትራቸው እየተደገፉ መጡ። ራቅ ብሎ ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ በእሾህ አሳጠሩ፣ እየጸለዩ አንድ በአንድ ደፉ። ለኔም ስግደት ሰጡኝ፤ ስንት እንደሆነ ከኔና ከሳቸው በቀር ማንም አያውቅም። ኢንጂነሩ ሲመለስ ባዶዎቹን አይቶ «በመጨረሻ ገባሽ ማለት ነው!» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ምንም አልነገርሁትም። መቀነቱ የሚቀጥለውን ክረምትም ሠራ፤ ከዚያ ትልቅ ጎርፍ በጠሰው። ጀሪካኖቹም፣ ሽቦው የጠለፈውም ሁሉ ወደ ባሕሩ ሄዱ።

እህቴ ጥር ላይ ሴት ልጅ ወለደች። በሰላም፣ በጤና። የሰማሁት ከሰው ነው። ማርና ቅቤ ይዤ አራስ ልጠይቅ ሄድሁ። ቤቱ በሴት ሞልቷል፤ የገባች ሁሉ በቀጥታ ወደ አልጋው እየሄደች ትስማታለች። እኔ ደፉን ልረግጥ ስል ከአልጋዋ ድምፅዋን ሰማሁ።

«እታለም፣ ቆይ። ታጥበሽ ግቢ።»

አንዷ ሴት ብድግ ብላ ለእጄ ውሃ አመጣች።

«እግሯን» አለች እህቴ።

ደጅ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ታጠብሁ። ስገባ ልጅቷን ራሷ አንስታ አሳቀፈችኝ፤ ከባድ ነበረች፣ ትፈራገጥ ነበር። እህቴ ጉንጬን ሳመችኝ። ስለ ሌላው ነገር ያን ቀንም አላወራንም፣ እስከ ዛሬም አላወራንም።

ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔና እህቴ እንዋደዳለን፤ ቢያማት የምሮጠው እኔ ነኝ፣ ቢያመኝ የምትሮጠው እሷ ናት። ነገር ግን በጋም ይሁን ክረምት ደጇ ስደርስ ውሃ በጣሳ ይወጣልኛል። ጫማዬን አወልቅና ቁጭ እላለሁ። ባለፈው ልጅቷ እያፈሰሰችልኝ ቆም አለችና፣ «እትዬ፣ እግርሽ እኮ ንጹሕ ነው» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ አፍስሺ» አልኋት።